ጋሼ ክንዱ ከሞቱ በኋላ የታዩባቸው ሳምንታት

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዘመኑ ቪዲዮ መሥራት ሲጀምር ለቤተሰቡ ማፈሪያ ነበር። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ይቆምና፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ሊወርድ እንኳ ቢሆን ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ፣ ስልኩን ወደ ገዛ ፊቱ አዙሮ «ሰላም ሰላም፣ ውድ የገጻችን ቤተሰቦች!» እያለ ይጮኻል። የገጹ ቤተሰቦች ያኔ አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከአሥራ አንዱም አንዱ ራሱ ዘመኑ በሌላ ስም የከፈተው ነው። አነጋገሩ ደግሞ ሌላ ጉድ! ማንኩሳ ተወልዶ፣ ፍኖተ ሰላም አድጎ፣ ደብረ ማርቆስ ተምሮ፣ ስልክ ፊት ሲቆም ብቻ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ የአዲስ አበባ የሬዲዮ ልጅ ይሆናል። እትዬ ማሚቱ ከገበያ ሲመለሱ ድንገት ካዩት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው በጀርባ መንገድ ይዞራሉ።

ቢዞሩስ የት ይደርሳሉ፤ ልጁ የቤታቸው ልጅ ነው። ዘመኑ የባለቤታቸው የጋሼ ክንዱ የሟች ወንድም ልጅ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሊማር ከማንኩሳ መጥቶ እነሱው ዘንድ ቀረ። ተመርቆም ሥራ ስላላገኘ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ እያነሳና የሠርግ ቪዲዮ እየቆራረጠ ይውላል። ስልኩን የላከችለት እፀገነት ናት፤ የእትዬ ማሚቱና የጋሼ ክንዱ አንድያ ልጅ፣ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው። ስትልክለትም የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አገሬን አሳየኝ፣ ግቢያችንን፣ መንገዱን፣ ሰዉን አሳየኝ አለችው። እሱ ታዲያ ያሳያት የገዛ ፊቱን ነው። በሦስተኛው ወር ደውላ፣ እስካሁን ከአገሬ ያየሁት ያንተን የአፍንጫ ቀዳዳ ነው አለችው። እትዬ ማሚቱ ይህን ሲሰሙ፣ እሰይ የኔ ልጅ ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ዘመኑን ሰው ያደረገው አንድ መዘንጋት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን አጥሩ ላይ ደገፍ አድርጎ ራሱን ሲቀርጽ፣ ከደጅ ሰው ጠራውና ሳያጠፋው ወጣ። ከኋላው ጋሼ ክንዱ ወይኒት የሚሏትን ላማቸውን እያለቡ ነበር። ጋሼ ክንዱ ሠላሳ ዓመት በመንገድ ሥራ አገልግለው በጡረታ የወጡ፣ ከሰው ጋር ቁጥብ፣ ከላም ጋር ግን ለፍላፊ ሰው ነበሩ። ያን ዕለትም የቀበሌውን ስብሰባ፣ የቧንቧውን መድረቅ፣ የሚስታቸውን ቁጣ ሳይቀር አንድ በአንድ ለወይኒት ሲነግሯት፣ ጅራቷን ስትወነጭፍባቸውም አንቺም የነሱ ወገን ነሽ ለካ ብለው ሲያኮርፏት፣ ስልኩ ሁሉንም ይዞታል። ዘመኑ ፎቶ ቤት ሄዶ ሲያየው ሳቀ። ደግሞ አየው፤ ሁለተኛ ግን አልሳቀም። የራሱን ፊት ቆርጦ ጣለና ያንን ብቻ ገጹ ላይ ለቀቀው።

እፀገነት አይታ አለቀሰች። አንዲት ሀብትነሽ የምትባል የቡሬ ልጅ ደግሞ፣ እዚያው ቤይሩት የምትሠራ፣ የኔም አባት ከበሬው ጋር እንዲህ ነው የሚያወራው ብላ ከሥሩ ጻፈች። ሁለቱ ልጆች አንድ ከተማ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ኖረው በዘመኑ ገጽ ተዋወቁ፤ እሑድ እሑድም ቤተ ክርስቲያን መገናኘት ጀመሩ። ቀስ በቀስም የማንኩሳ፣ የቋሪት፣ የቡሬ ልጆች እየተጠራሩ ሰባት ሆኑ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እትዬ ማሚቱ በዓይናቸው ያዩት ነው። እሳቸው ሠላሳ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ሰው ናቸው። እርሳስ መያዝ ያቃተው ልጅ ስሙን እስኪጽፍ ድረስ ስንቱን አይተዋል፤ ልጅ ሲያድግ አይስቱም። መጀመሪያ መነጽሩ ጠፋ። ቀጥሎ «ውድ የገጻችን ቤተሰቦች» ቀረ። ውሎ አድሮ የማንኩሳ አፉ ተመለሰና «እንዴት ሰነበታችሁ» ማለት ጀመረ። ሳምንቱን ያነሳል፤ ሥራ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ መንከራተቱን፣ ወተት ሊያደርስ ሲሮጥ አስፋልት ላይ መዘረሩን፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጥተው ፈገግ ይበሉ ቢላቸው እንባ የመጣባቸውን ሽማግሌ፤ ሳይሸፋፍን፣ ሳያካብድ ይናገራል። ሲጨርስም ይጨርሳል፤ አያንዛዛም።

አንድ ጊዜ ቡሬ ገበያ ወርዶ፣ ማሰሮ የምትገዛ ሴት ስንጥቅ ይኖረው እንደሁ በጥፍሯ ቆርቆር እያደረገች ድምፁን ስታዳምጥ ቀረጻት። ከራሱ አንድም ቃል አልጨመረም፤ ጣቷ፣ ማሰሮው፣ ድምፁ፣ ከዚያ ፊቷ። እትዬ ማሚቱ ያንን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሰሮ ሲገዙ እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ ሲያደርጉት ግን አይተውት አያውቁም ነበር። ምስጋና ከአፋቸው አልወጣም፤ ድሮም ለተማሪ ቶሎ ጎበዝ ብለው አያውቁ። ይቀረጹ ማለት ደግሞ ፈጽሞ የሚታሰብ አልነበረም። ስልኩ ወደሳቸው ከዞረ ያገኙትን ሰፌድ አንስተው ፊታቸውን ይጋርዳሉ። ጋሼ ክንዱ ግን ግድም አልነበራቸው፤ ልጁ ስልኩን ደቅኖ ሲከተላቸው ይውላል፣ እሳቸውም እንደሌለ ቆጥረው ሥራቸውን ይሠራሉ።

እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ተኩል ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ክንዱ የእርሻቸውን ምርት ሊያዩ ማንኩሳ እንደሄዱ፣ ደረቴን አሉና ቁጭ ባሉበት ቀሩ። ከማንኩሳ የተደወለው ለዘመኑ ነበር፤ ስልኩ ከእጁ የማይጠፋ እሱ ነዋ። መኪና የተኮናተረው፣ ካህናቱን የጠራው፣ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ዘመድ የጠራው ሁሉ እሱ ነው። ጋሼ ክንዱ ከአባታቸው ጎን ተቀበሩ፤ እትዬ ማሚቱ ፀጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ለበሱ።

የቀረችው እፀገነት ናት። በሰልስቱ ዘመድ ተቀምጦ መከረ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር በዚህ አገር የማያውቅ የለም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው ይሄዳሉ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይይዘዋል፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። እሷን ግን ማን ይይዛታል? አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቋንቋዋን ከማይሰማ ሰው ቤት፣ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ብትሰማውስ? የዚያ በረንዳ ነገር እትዬ ማሚቱን እንቅልፍ ነሳቸው። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሥላሴም ይቆይላት አሉ። ኮንትራቷ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ስትመጣ በወገን መሐል ትሰማለች፤ እስከዚያ ሁሉም አፉን ይያዝ ተብሎ ተስማሙ።

አፍ መያዙስ ቀላል ነበር። ጋሼ ክንዱ ድሮም ስልክ አይወዱም፤ ደህና ነኝ፣ እንቺ እናትሽን ብለው የሚመልሱ ሰው ነበሩ። እትዬ ማሚቱ አንድ ቀን ማንኩሳ ሄዷል፣ አንድ ቀን ወተት ሊያደርስ ወጥቷል እያሉ አለፉት። የተላጨ ራሳቸው እንዳይታይም፣ ኔትወርኩ ምስል አይዝም ብለው በድምፅ ብቻ ያወሯታል። ማንም ያላሰበው የዘመኑን ገጽ ነው። ሳይሠራ ቢቀር፣ ምን ሆናችሁ ትላለች። ሠርቶ አባቷ ባይታዩበትም ትጠይቃለች። ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጠየቀች፤ አባቴን የት ደበቅኸው ብላ ጻፈችለት።

ዘመኑ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ያልለቀቀው ብዙ የጋሼ ክንዱ ቅጂ ነበረው። የመጀመሪያውን ሲሠራ ማንንም አላማከረም፤ ሲጨርስ ግን እትዬ ማሚቱን ጠርቶ ወንበር ሰጣቸው። ዘመኑ ግቢው ውስጥ ቆሞ ስለ ሳምንቱ ያወራል፤ መሐል ላይ የሆነ ነገር እንደሰማ ወደ በሩ ዘወር ይላል፤ በሩ ይከፈትና ጋሼ ክንዱ ባልዲያቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ቀና ብለው ያያሉ፣ ያልፋሉ። ከተቀበሩ ሃያ ቀናቸው ነው። እትዬ ማሚቱ ልጁን ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣቸው ግን እስቲ እንደገና አሳየኝ የሚል ነበር።

የልጁን ሥራ ከሥሩ ያወቁት ያን ሰሞን ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከአጠገቡ ይቀመጣሉ። በጋ ነውና ሣሩ የለመለመበትን ቅጂ ሁሉ ይጥላል። የጥላውን ርዝመት ከጥላው ያስተያያል፤ እሱ ረፋድ ላይ ቆሞ ጋሼ ክንዱ በቀትር እንዳይገቡ። ዝናብ የሚሰማበትን ድምፅ አውጥቶ የወፍ ድምፅ ይከታል። እትዬ ማሚቱም አልቀሩ፤ ይህ ኮት ክርኑ የተጣፈው ባለፈው ግንቦት ነው፣ ከዚያ በፊት ያለውን እንዳታስገባ ይሉታል፤ እሺ ብሎ ይጥለዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የከተማው ሰው ነፍስ ይማር እያለ ከሥሩ የሚጽፈውን፣ እፀገነት ከሥራ ወጥታ ሳታየው ቀድሞ ይሰርዛል። አምስት ሳምንት ጋሼ ክንዱ በየዓርቡ በሩን ከፍተው ገቡ። እትዬ ማሚቱ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ ዓርብን መናፈቅ ጀመሩ። ይህ ሁሉ ችሎታ ለውሸት መዋሉ አንዳንዴ ይከነክናቸዋል፤ ዓርብ ሲደርስ ይረሱታል።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ዓቢይ ጾም ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ዘመኑ አንድ ግሩም ቅጂ አገኘ፤ ያለፈው ዓመት ጥር ላይ የተቀረጸ። ሣሩ ደርቋል፣ ግድግዳው ያው ነው፣ ኮታቸውን አውልቀዋል፣ ጥላው ልክክ ይላል። ጋሼ ክንዱ አልበው ይጨርሱና በጣሳ ቀድተው፣ አረፋውን እፍ ብለው፣ ጭልጥ አድርገው ይጠጣሉ። ጢማቸውን ጠርገው ተመስገን ይላሉ። ሁለቱ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ አዩት። እትዬ ማሚቱ ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የዋሉ ሰው ናቸው፤ ዘመኑም ቁርስ አልበላም። ያም ሆኖ የሁለቱም ዓይን ሣሩና ግድግዳው ላይ ነበር። ጥላ ሲለኩ ጾሙን ረሱት፤ ዓርብ ጠዋት ለቀቁት።

ቅዳሜ እፀገነት ደወለች። እንደ ወትሮዋ ጤና አልጠየቀችም።

«እማዬ፣ አባቴ በዓቢይ ጾም ወተት ጠጣ?»

ጋሼ ክንዱ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ጾም ያልሻሩ ሰው መሆናቸውን ከእትዬ ማሚቱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከሳቸው ቀጥሎ የምታውቀው ደግሞ ይህችው ልጅ ናት። አፋቸው ግን የለመደውን አደረገ። አሞት ነው፣ ሐኪም አዞት ነው አሉ።

«እሱ ቢሞት አይጠጣም» አለች እፀገነት። ይህን ከተናገረች በኋላ፣ የገዛ ቃሏን ገና የሰማች ይመስል፣ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ አታነሳም። እሑድ አላነሳችም፣ ሰኞ አላነሳችም። ማክሰኞ እትዬ ማሚቱ ሃያ ጊዜ አስደወሉ። ያ በረንዳ ዓይናቸው ላይ ተተከለ። ዘመኑ ፎቶ ቤት መሄዱን ተወ። በገዛ እጄ አሰማኋት፣ ሰው እንዳታጣ ብለን ብቻዋን እንድትሰማ አደረግኋት አለ፤ ገጹንም ሊዘጋው፣ ስልኩንም ሊሰብረው ተነሳ። እትዬ ማሚቱ ስልኩን ከእጁ ቀምተው ጉያቸው ከተቱት። የሰው መገናኛ ነው፣ አትነካውም አሉት።

ሲያስቡት ሲያስቡት የከፋው ነገር ተገለጠላቸው። ልጅቱ አውቃለች፤ ግን ማንም አልነገራትም። ማንም ያልነገረው ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ያለቅሳል? መርዶ ተነግሮት፣ ጮኾ፣ እርሙን ያላወጣ ሰው ሐዘኑ ውስጡ ታስሮ ይቀራል። እሷም እዚያ ኩሽና ውስጥ ሳህን እያጠበች አባቴ ሞቷል ወይስ አልሞተም ትላለች፤ የምትጠይቀው እናቷ ደግሞ የምትዋሽ ናት። እትዬ ማሚቱ ይህን ባሰቡ ጊዜ ከጋሼ ክንዱ ቀብር ቀን ይልቅ መረራቸው። ዘመኑን ጠርተው ለአንድ ሰው ይነገር ቢባል እዚያ አገር ማን አለ ብለው ጠየቁት።

ሀብትነሽ ነበረች። ዘመኑ ያለውን ሁሉ ሳይደብቅ ጻፈላት፤ በሰዓቱ መለሰች። እፀገነት በሕይወት አለች፣ ሥራዋንም ትሠራለች፤ ግን ሰው አታናግርም፣ እሑድም ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። የመጪው እሑድ ስድስቱም ሄደው፣ አሠሪዋን ለምነው፣ ይዘዋት ይመጣሉ። ችግሩ የሚናገረው ሰው ነው። ሀብትነሽ እኔ አልችልም አለች፤ አባቷን በዘመኑ ቪዲዮ ነው የማውቃቸው፣ ሞቱ ብል አፌ እሺ አይለኝም አለች። ዘመኑ ይህን ለእትዬ ማሚቱ አነበበላቸው።

«በል ቅረጸኝ» አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ውስጥ ተቀመጡ። እትዬ ማሚቱ ጥቁሩን ገልጠው ነጭ ነጠላ ሊደርቡ ተነሱ፤ ልጃቸው እንዲህ ሆነው እንዳታያቸው ፈርተው ነው።

«አይ እትዬ» አለ ዘመኑ፤ «እንዳሉ ይሁኑ።»

ሌላ ነገር አላላቸውም። ቀና ይበሉ አላለም፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉ አላለም። ስልኩን በእጁ አልያዘውም፤ በመቀመጫ ዱካ ላይ ሌላ ዱካ ደራርቦ ዓይናቸው ትይዩ አስቀመጠው። ከዚያ መጥቶ ከእግራቸው ሥር ቁጭ አለ፤ ትከሻውና ያጎነበሰ ራሱ ከዳር ይታያል። እትዬ ማሚቱ መጀመሪያ ለምን እንደመጣ አልገባቸውም ነበር። ኋላ ሲገባቸው ግን፣ መርዶ የሚናገርም ሰው ብቻውን እንዳይሆን መሆኑን ሲረዱ፣ ድምፃቸው ተገኘ።

«እፀዬ፣ እናትሽ ነኝ። ልጆች ከጎንሽ አሉ፤ ያዟት ልጆቼ። አባትሽ ጥር አሥራ አራት ቀን ማንኩሳ ላይ አርፏል። አልተሰቃየም። ከአባቱ ጎን ነው የተኛው። ያልሰማሽው እኔ ስለዋሸሁሽ ነው። ብቻሽን እንዳትሰሚ ብዬ ዋሸሁሽ፤ ብቻሽን አሰማሁሽ። አሁን ሰው አለሽ፤ አልቅሺለት።»

ዘመኑ ተነስቶ አጠፋው። ሲያሳያቸው እትዬ ማሚቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን አዩ፤ ጥቁሩን፣ የተላጨውን ራስ፣ ከእግራቸው ሥር ያለውን ልጅ። አንዲትም ነገር አልተቆረጠችም፣ አንዲትም ነገር አልተጨመረችም። ያ መናኸሪያ ፊት ይጮኽ የነበረ ልጅ ይህን ለመሥራት ስንት ነገር መተው እንደነበረበት ታያቸው። እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ጎበዝ አሉት። ገጹ ላይ አልለቀቀውም፤ ለሀብትነሽ ብቻ ላከው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ማሚቱ ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ገደማ ጠራ። መጀመሪያ የብዙ ሴቶች ለቅሶ ተሰማ፤ ከዚያ ከሁሉም በላይ የእፀገነት ድምፅ፣ አባዬ፣ አባዬ እያለ። ሀብትነሽ ከኋላ ይዘናታል እትዬ፣ ይዘናታል ትላለች። እትዬ ማሚቱ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ጮኹ። ሁለት ወር ሙሉ ጎረቤት እንዲህ ሲጮኹ አልሰማቸውም፤ ማንም ሳይጠራው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ያ ቤት እንደ ቀብሩ ዕለት ሞላ። ሴቶቹ በርጩማውን ከበው ተቀመጡ፤ ከዚህም ከዚያም አብረው አለቀሱ። በመጨረሻ እፀገነት ድምፅዋ ተዘግቶ፣ እማዬ አንቺስ በላሽ ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ማሚቱ ያን ጊዜ ልጃቸው ወደሳቸው እንደተመለሰች አወቁ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ዘመኑን የፈለጉት። ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑ ቀልቶ የሱ ደረቅ ነው። እትዬ ማሚቱ ቀብሩ ላይ ሲያለቅስ አይተውት እንደሆነ ለማስታወስ ሞከሩ፤ አላዩትም። ሲሮጥ ነው ያዩት፣ ሲደውል፣ ድንኳን ሲያስተክል። ከዚያ ደግሞ ሳምንት በሳምንት ጋሼ ክንዱን በር ሲያስከፍት፣ ሲያስወጣ፣ ሲያስገባ። ምነው ልጄ አሉት፣ ተጠግተው።

«እትዬ፣ ለኔ እኮ ማንም አልነገረኝም» አለ። «ስልክ ነው የተደወለልኝ። መኪና አምጣ ነው ያሉኝ።»

እትዬ ማሚቱ ነጠላቸውን አጥብቀው አሰሩ። ጎረቤታቸውን አቶ ዳኘውን በጥቅሻ ጠርተው በቀኙ እንዲቆሙ አደረጉ፤ እሳቸው በግራው ቆመው ክንዱን ያዙት።

«ዘመኑ፣ ልጄ» አሉት፤ «ጋሼህ ሞቷል።»

ልጁ ጉልበቱ ታጠፈ። ሁለቱም አጥብቀው ይዘውት ነበር።